ባለቁልፉ

የከተማዋን ጥንታዊ ግንብ በር ለሃያ ስድስት ዓመት የከፈተውም የዘጋውም እሱ ነው። ሰፈሩ «ባለቁልፉ» ይለዋል። ከግንቡ ውስጥ የጥንት ሹማምንት የተቀበሩበት፣ ሐውልቱ ከቤት የሚረዝም መካነ መቃብር አለ። ከበሩ በስተቀኝ ደግሞ ግንቡ ፈርሶ የጭነት መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ተከፍቷል። ፍየል ሳይቀር በዚያ ይወጣል ይገባል። ባለቁልፉ ግን ክፍተቱን ከቁጥር አያገባውም፤ በር ማለት የሚቆለፍ ነገር ነው ባይ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሐውልቶቹን ሲወለውል ቁልፉ ጠፋበት። ሚስቱ ጋ ደወለ። ሁለተኛውን ቁልፍ ይዛ በክፍተቱ ሰተት ብላ ስትገባ፣ አንድ የጦር አለቃ መቃብር ላይ ኩርምት ብሎ አገኘችው።

«በየት ገባሽ?»

«በፈረሰው ነዋ። አንተስ በዚያው አትወጣም ነበር?»

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አሁን ውጪና ቁልፉን በበሩ ፍርግርግ አቀብዪኝ።»

እየተነጫነጨች ዞራ ወጥታ አቀበለችው። ከፍቶ ወጣ፤ መልሶ ቆለፈና ሁለቴ ነቅነቅ አድርጎ አረጋገጠ። ጥቂት እንደሄዱ ሚስቱ ቆም አለች። ቦርሳዋን መቃብሩ ላይ ረስታዋለች።

«ክፈትልኝ» አለችው።

ሰዓቱን አየት አደረገ። «ተዘግቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቅ በይ።»

በክፍተቱ ገብታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትመለስ፣ ባል ሆዬ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል።

«በየት እንደወጣሁ አየህ?»

«አላየሁሽም» አላት። «ባይሽማ ኖሮ ዛሬ እስር ቤት ነበር የምታድሪው።»