ቧንቧ ጠራጊውና ነጩ ድንጋይ

በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ቧንቧዎች ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ማዳበሪያ መሆኑን ከማንም ቀድሞ የደረሰበት ቧንቧ ጠራጊው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በመዶሻ ፈልፍሎታል። ሲጣል እያየ አንጀቱ አልችል ቢለው በምሳ ዕቃው እየያዘ ቤቱ ይወስድ ጀመር። የጓሮው ጥቅል ጎመን አደገ፣ አደገና የጎረቤት ድመት ጥላው ሥር ወለደች።

ሚስቱ ግን አልተዋጠላትም።

«አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን ሽንት ልታበላኝ ነው?»

«ሽንቱማ ሄዷል። የቀረው ፎስፈረስ ነው፣ የተክል ምግብ።»

«እሱም የሄደበት ይሂድ!» ትላለች፣ ጎመኑን ለሁለተኛ ጊዜ እየጨለፈች።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «የመሥሪያ ቤቱን ንብረት በምሳ ዕቃ በማሸሽ» ብሎ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጻፈለት። በሦስተኛው ስንብት ነው። ሥራ አስኪያጁ ፎስፈረስ የሚባል ነገር የሰማው በአንድ ሳምንት ሥልጠና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰላምታው ሳይቀር ፎስፈረስ ሆኗል። ይህንኑ ከፍሳሽ የሚያወጣ፣ ፀሐይን የሚያስንቅ ማሽን አስገዛ። ማሽኑ ሦስት ወር አጓርቶ አንድ ስኒ አረፋ ተፋ።

በማሽኑ ምረቃ ዋዜማ ሥራ አስኪያጁ ጠራጊው ቤት ድረስ መጣ።

«ወንድምዓለም፣ ያ ድንጋይ አለህ?»

«የቱ? የሰረቅኩት?»

«ተው እንጂ! አንድ ጆንያ ብቻ።»

«መጀመሪያ ደብዳቤዎቹን ይቅደዱልኝ።»

ቀደደ። በማግስቱ ድንጋዩ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። አንድ እንግዳ ከመሐሉ የጎመን ሥር መዘዘ።

«ይሄስ?»

«ምርቱ ገና ከማሽኑ ሲወጣ ማብቀል ይጀምራል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ላቡን እየጠረገ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅል ደረሰ።

በሳምንቱ ለጠራጊው አዲስ ደብዳቤ መጣ፦ ነጩ ድንጋይ ከእንግዲህ የማሽኑ ምርት ነው፣ የነካው ይሰናበታል።

«ልትባረር ነው በለኛ!» አለች ሚስቱ።

«ምን በወጣኝ? እታዘዛለሁ።»

መዶሻውን ወልውሎ ሰቀለ። ድንጋዩም ቧንቧውን እስኪደፍን እንዳሻው ተጋገረ። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ ለማሽኑ የተሸለመውን የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲያቃና፣ ከመጸዳጃው የተንቦጫረቀው ፍሳሽ ጫማውን አልፎ ካልሲው ደረሰ።

«ጠራጊውን ጥሩልኝ! ከነመዶሻው!»

ጠራጊው መጣ፤ በእጁ ያለው ግን ደብዳቤው ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ ይቺንም ይቀድዱልኛል ወይስ ይዋኛሉ?»