ጥቅል የምትቀበለው ሴትዮ

ፖስታ ቤቱ ውስጥ ጥቅል የምትቀበለው ሴትዮ አጭር በመሆኗ ከመስኮቱ ደፍ በላይ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ያደረገችው ነጭ የስፖርት ጫማ ግን ማሰሪያው ሩጫ እንደሚጠብቀው ሰው ጫማ ጥብቅ ብሏል። ማኅተሙን ጧ አድርጋ ትመታና ጥቅሉን በግራ እጇ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ፣ ጥግ ላይ ወደተሰቀለው ጆንያ ትወረውረዋለች። አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ሰልፈኛው የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ "ገባ!" እያለ ይጮሃል።

ተራዋ የደረሰው አስተማሪ ግን ጥቅሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቀረች። ለእህቷ የምትልከው ብርጭቆ ነው።

"እትዬ፣ በሞቴ እንዳይወረውሩት! ይሰበራል!"

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች።

"አይዞሽ ልጄ! ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ስጫወት አራት ዓመት ሙሉ ስሜ የተጠራው ነጥብ በማስቆጠር መሰለሽ? በማቀበል እኮ ነው!"

ይህን እያለች ጥቅሉን ተቀብላ በጀርባዋ በኩል ለቀቀችው። አስተማሪዋ ክው አለች። ከኋላ መዝገብ ላይ ያቀረቀረች አንዲት ረዥም ሸበቶ ሴት፣ ቀና ሳትል፣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ጥቅሉ መዳፏ ላይ እንደ ላባ አረፈ።

"ዛሬም እንደ ኳስ ሜዳችን ሳትነግሪኝ ታቀብይኛለሽ?" አለች ረዥሟ።

"መቼ ነግሬሽ አውቃለሁ?" አለች አጭሯ፣ ቀጣዩን ባለጉዳይ እየጠራች።