አንድ ብሎን ሲቀር

ትናንት ጠዋት መኪናዬ ሥር ድንጋዩ ላይ ቀይ ዘይት ጠብ ብሎ አየሁ። የካምቢዮ ዘይት ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ባለቤቴ «ጋራዥ ውሰዳት» አለችኝ። እኔ ግን ክሪኬን አወጣሁ።

ወጣት ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ከፍ ያለች አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ወረታ ከተማ ወዳለው ቤታችን አምጥቶ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ያደጉበትን የገጠር ደብር፣ ቁሐር ሚካኤልን፣ ለዓመታት አልረገጡም። ያን ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ማኅሌቱን እንዲመሩ ተለመኑ። ነጠላቸውን አሳጥበው፣ መቋሚያቸውን በር ላይ አስደግፈው ቀኑን ጠበቁ። እስከዚያ ያለው የሜዳ ጭቃ ስላልደረቀ ባጃጅ አይደፍረውም፤ በቅሎ ለመውጣት ጉልበታቸው አይታጠፍም። ተስፋቸው ያቺ መኪና ብቻ ነበረች።

በዋዜማው ጠዋት የካምቢዮውን ዘይት ለማቀዝቀዝ ወደ ራዲያተሩ የሚያመላልሱት የብረት ቱቦዎች ዝገው ማፍሰስ ጀመሩ። የሩዝ አገር ሰዎች ነንና ቱቦ ሲባል የሚታየን የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው። ደሳለኝ ከሞተሩ የጎማ ቱቦ ቆርጦ አመጣ።

«ስንት ማሳ ያጠጣ ቱቦ ይኼ ያቅተዋል?» አለ።

መኪናዋ ስትሞቅ ጎማው ላላና ዘይቱ ግቢውን አቀላው። ደሳለኝ የዘይት ቱቦ ፍለጋ ወደ ገበያ ሮጦ ሲመለስ ቀኑ ተጋምሷል። የሩዝ ገለባ አንጥፈን መኪናዋ ሥር ገባን። እጃችን ስለቆሸሸ እናቴ የሩዝ እንጀራ በሽሮ እየጠቀለለች አጎረሰችን።

አንድ ብሎን ሲቀረኝ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የዋዜማ ደወል ተደወለ። በቤታችን ከዚያ ደወል በኋላ ሥራ አይነካም።

«እጅህን ሰብስብ፣ ልጄ» አሉ አባቴ።

«አባዬ፣ አንዲት ብሎን ናት የቀረችኝ።»

«ሰምቻለሁ። ደወሉንም ሰምቻለሁ።»

«ይኼን ያህል ጓጉተው?»

«ስለጓጓሁማ ነው። ሰውን የከለከልሁትን ለራሴ ብፈቅድ ምን እባላለሁ?»

ከዚያ መኪናዋን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ቁሐር መልሰው፣ ማኅሌቱን በዝግታ ጀመሩ። እኔና ደሳለኝ በዘይት እጃችን እያጨበጨብን ተቀበልናቸው። ድምፃቸው ያምር ነበር፤ እኔ ግን በእሳቸው ተናድጄ ነበር። ለከርሞው ሚካኤል በሕይወት አልደረሱም።

ትናንት ማምሻውን ቱቦውን ላጠብቅ ስል የዋዜማ ደወል ሰማሁ። ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

«ምን ቀራት? ጨርሳት እንጂ» አለች ባለቤቴ።

«በዓሉ ሲያልፍ እጨርሳታለሁ» አልኋት።

እንደ አባቴ ጽኑ ሆኜ አይደለም። ያቺን ብሎን አጥብቄ ቁሐር ባደረስኋቸው ኖሮ እያልሁ ዛሬም እቆጫለሁ። ግን ደወሉ ሲሰማ እጄ በራሱ ይሰበሰባል፤ ድምፃቸውንም የምሰማው ያኔ ነው።