ሆድ የማይጠርግ መድኃኒት

ከጎንደር የወጣነው ኮሶ ጠጥተን ነው። በማግስቱ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ በምንሳፈርበት ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ፣ ቤታችን በሸኚ ሞልቶ ሰው ሁሉ እያቀፈን ያለቅሳል፤ እኛ ግን በየተራ ወደ ጓሮ እንሮጣለን። ኮሶውን ጠዋት በባዶ ሆዳችን ያጠጡን አባባ ነበሩ። «ወደ ተቀደሰች ምድር ትል ይዞ መግባት ነውር ነው» አሉና ለእኔም ለራሳቸውም አልራሩም። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች የምንሄደው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ያሳደገችኝ የአባባ ታላቅ እህት እትዬ ያምሮት ናት። እሷ ግን ቀረች። ወንድሟ የእስራኤልን ቢሮ ማጣሪያ አልፎ እሷ እንዴት እንደማታልፍ ያስረዳን ሰው የለም። «በቅርብ ትከተያቸዋለሽ» ተብላለች። «በቅርብ» የሚለው ቃል በቢሮ ሰዎች አፍ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አናውቅም ነበር።

«ሰው ሲሸኙት ያለቅሳል» አለቻቸው አባባን ያን ምሽት። «አንተ ግን እንባዬን ሳልጨርስ ጓሮ ትገባለህ።»

«ሲወጣ ነው የሚበጀው፣ እትዬ» አሉ አባባ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ያልወጣ መድኃኒት መድኃኒት አይደለም።»

እንዲህ ሆነን፣ ሆዳችን ባዶ፣ ዓይናችን አብጦ፣ እስራኤል ገባን። መጀመሪያ ሜርካዝ ክሊታ በሚሉት የአዲስ ገቢዎች ማረፊያ አስቀመጡን። አንዲት ሴት መጥታ የመብራት ማብሪያ እንዴት እንደሚጫን፣ የማቀዝቀዣ በር እንዴት እንደሚከፈት አሳየችን። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው፣ ገብቶን እንደሆነም ፊታችንን አየች። ጎንደር መብራት የገባው አንቺ ሳትወለጂ ነው ብዬ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ዕብራይስጥ ስላልነበረኝ «ቶዳ» ብዬ አመሰገንኳት። እሷም በጣም ደስ አላት። እዚያ ቤት የሚወደደው አዲስ ገቢ የሚያመሰግነው ነው።

ከዚያ አፉላ በምትባል ከተማ ቤት ተከራየን። ስለ አፉላ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መተማን ያስብ፤ ሙቀቱ እንደዚያው ነው፣ ሜዳው ይሰፋል፣ ተራራው ግን ዳር ቆሞ ያያችኋል እንጂ አይመጣላችሁም። ቲማቲሙ መልክ አለው፣ ጣዕም የለውም። የከተማው ሰው የሚመካበት ምግብ የፈረንጅ ሱፍ ፍሬ ነው። እኛ ሱፍን ወቅጠን፣ አጥልለን፣ ለወግ ለማዕረግ እናበቃዋለን፤ እነሱ በጥርሳቸው ይፈለፍሉና ገለባውን አውቶቡስ ጣቢያው ወለል ላይ ይተፉታል። ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ክራባት ያሰረውም ይተፋል። እኛን ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩን እነዚሁ ናቸው።

አባባ በኢንዱስትሪ ቀጠናው የፕላስቲክ ዕቃ ማሸግ ጀመሩ፤ እኔም ዕብራይስጡን ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ ኮሌጅ ገባሁ። አንደኛ ዓመት ነኝ። መማር የጀመርኩ ሰሞን አባባ ሥራ ላይ ሳሉ አፋቸው ተጣመመ፣ የያዙትም ሳጥን ከእጃቸው ወደቀ። አለቃቸው ጠጥተው መጥተዋል ብሎ ከማሽኑ አራቃቸውና ብቻቸውን አስቀመጣቸው። ሐኪም ያዩት አብሯቸው የሚሠራ ሰው ጮሆ ነው።

ስትሮክ ነው ተባለ። ቀላሉ ዓይነት ስለነበር አፋቸው ተመለሰ፤ ወደ ሥራ ግን አልተመለሱም። ደማቸው እንዳይረጋ ዕድሜ ልካቸውን ማቅጠኛ እንደሚወስዱ ተነግሯቸው አስፒሪን ሲውጡ ከረሙ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እጃቸው እንደገና ሲዝል ሐኪሙ አስፒሪኑን አቆመና በሌላ የደም ማቅጠኛ ለወጠው፤ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ነጭ ክኒን ነው። አንድ ጊዜ ከተደገመ ንግግራቸውን ይዞት ሊሄድ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያቺ ክኒን እንዳትቋረጥ።

አልተቋረጠችም። እኔ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጥቼ ሲመሽ ስመለስ «ዋጡ፣ አባባ?» እላለሁ፤ «ዋጥኩ» ይላሉ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንደበሱ አይቻለሁ፤ ክሳቱን ግን ከሕመሙ ቆጠርኩት። እውነቱን የነገረኝ የቤቱ ባለቤት ነው። ይህ ሰው ከእኛ በታች የሚኖር ጡረተኛ ነው፤ ሰላምታ አያውቅም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«አባትሽ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

ስለ አባባ ጤና ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ልቤ ተነክቶ ላመሰግነው አፌን ስከፍት «ቧንቧው» አለ። «ከንጋት ጀምሮ ውኃ ይለቀቃል። ይቆማል፣ እንደገና ይለቀቃል። ሽንት ቤት ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሩት? ስብሰባ ነው?»

«ታመው ይሆናል» አልኩት።

«እኔም ታምሜያለሁ። ግን በጸጥታ ነው የምታመመው።»

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም ነበር።»

«ጆሮዬ ከብዶ እኔ እየሰማሁ አንቺ እንዴት አትሰሚም? ወይስ ቧንቧ አገራችሁ ስላልነበረ ነው የምትጫወቱበት?»

ስንት ዘመን በዚህ አገር ኖሮ የተማረው የቧንቧ ድምፅ መቁጠር ብቻ ነው። ትቼው ወጣሁና አባባን ጠየቅኳቸው።

«ያስቀምጥዎታል እንዴ?»

ፊታቸው በራ። «እንዴታ! የበፊቱ ክኒን ውኃ ነበር። መድኃኒት ማለት ይቺ ናት።»

«ምግብስ?»

«ሥራዋን ሳትጨርስ? ጠዋት ባዶ ሆዴን እውጣታለሁ፣ እስከ ቀትር ምንም አልቀምስም። ማታም ራቴን ትቼ ነው። እንደ ኮሶ ነዋ።»

አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ነበር። እግራቸው እየዛለ ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ግን ድክመቱንም የመድኃኒቱ ጉልበት ነው ብለው ተደስተውበታል። ይህንንም በአውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሚቀመጡት የአገራችን ሽማግሌዎች ጋር መርምረውት ነበር። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲመጣና ሲሄድ እያዩ፣ የማይሳፈሩበትን ሰዓት ሁሉ በቃላቸው ይዘው፣ ስለ መድኃኒት ይፈርዳሉ። አንዱ በቅናት «ለእኔ የሰጡኝ ድምፅ የለውም» ብሎ ነበር አሉ። «የአንተ ሐኪም ማን ነው? ወደ እሱ ልዛወር።»

በማግስቱ ትምህርቴን ትቼ አባባን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥፍሯን እያየች «ቶር አላችሁ?» አለችኝ። ቶር የሚሉት ቀጠሮ ነው።

«የለንም፤ አባቴ ግን ደክመዋል።»

«ያለ ቶር የሚገባው የሚሞት ሰው ነው።»

«እንግዲያው የእኛ ወረፋ ደርሷል» አልኳት።

ቀና ብላ አባባን አየቻቸው። ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። አስገባችን።

ውስጥ ሐኪሙና አስተርጓሚዋ አሉ። አስተርጓሚዋ ከአዲስ አበባ ልጅ ሳለች የመጣች ናት። ስሟ ርብቃ ነበር፤ እዚህ ሪኪ ሆናለች። ስሟን እንዳሳጠረች ሁሉ የሰውንም ንግግር ታሳጥራለች። ሐኪሙ ከሩሲያ የመጣ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ የማይነቅል ሰው ነው።

«መድኃኒቱ እንዴት ሆነልህ?» አለ ለኮምፒውተሩ።

«መድኃኒቱ እንዴት ነው ይላል፣ አባባ» አለች ሪኪ።

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው በይልኝ። ልጆቹን ይባርክለት። ጠራርጎ ነው ያወጣልኝ። ባዶ ሆዴን እውጠዋለሁ፣ ፀሐይ ሳትወጣ እሮጣለሁ፣ ሲመሽም እሮጣለሁ፤ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት በሽታ ሁሉ አለቀ። አሁን የቀረኝ አጥንቴ ብቻ ነው በይልኝ።»

ሪኪ ወደ ሐኪሙ ዞረችና «ደህና ነው፣ ያመሰግናል» አለች።

«ዮፊ» አለ ሐኪሙ። ጥሩ ማለቱ ነው። የሦስት ወር መድኃኒት ሊያዝ ጣቱን አነሳ።

«ደህና አይደሉም» አልኩ በዕብራይስጥ። «መድኃኒቱን ከጀመሩ አንድ ወር ሙሉ ያስቀምጣቸዋል። የሚውጡትም ሳይበሉ ነው።»

«አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ» አለችኝ ሪኪ።

«እንግዲያው አስተርጉሚ።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረ። «ሳይበላ? ከምግብ ጋር እንዲወስድ አዝዣለሁ። ይህ መድኃኒት ሆድ ያውካል፣ በባዶ ሆድ ደግሞ ይብሳል። ለእሷ ነግሬያታለሁ።»

«ነገርኳቸው እኮ» አለች ሪኪ። «ጠዋትና ማታ አልኳቸው።»

ሁለቱም እኔን አዩኝ፤ ምግቡን ከመካከላቸው የበላሁት እኔ ይመስል። ከዚያ ሐኪሙ ወደ አባባ ጎንበስ ብሎ፣ ደንቆሮ እንደሚያናግር፣ «ኦኼል! ኦኼል!» እያለ በእጁ ወደ አፉ አሳየ። አባባ የተጋበዙ መስሏቸው «ይቆየኝ፣ ልጄ» አሉት። ደማቸው ተመረመረ። ሆዱ ካልቆመ ተመልሰን እንድንመጣ፣ መድኃኒቱን ግን በራሳችን ፈቃድ በፍጹም እንዳናቆም ተነገረን።

ከምግብ ጋር ሲውጡት ሆዳቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ቆመ። ባለቤቱ ጸጥታውን አገኘ፤ ሰላምታ ግን አሁንም የለም። እኔም ለፈተናዬ መቀመጥ ጀመርኩ። አባባ ግን እያደር ፊታቸው ጠቆረ።

«ገደላችሁት» አሉኝ አንድ ጠዋት።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን። በእንጀራ አፍናችሁ ገደላችሁት። አሁን ምን ያወጣል?»

«ምንም እንዲያወጣ አይደለም፣ አባባ። ደም ነው የሚያቀጥነው።»

«ያልወጣ በሽታ ታዲያ የት ይሄዳል?»

«ደም በአንጀት አይወጣም።»

«አንቺ ገና አንደኛ ዓመት ነሽ» አሉና ክኒኗን ከፍርፋሪው ጋር በመዳፋቸው ገፏት፤ ከዚያም ወዲያ አልነኳትም።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለው ጉባኤም ፈርዷል፤ ለሐበሻ ደካማውን ለወጡለት ተብሏል። ሪኪ ጋ ደወልኩ፤ «ሳቭላኑት» አለችኝ። ትዕግሥት አድርጊ ማለቷ ነው። ደም ሲረጋ ትዕግሥት ያደርግ ይመስል። ወደ ክሊኒክ ብጎትታቸውም ሐኪሙ «ትልቅ ሰው ነው፤ አስገድጄ አላስውጠውም» አለ። አባባ ሻይ ሲያነሱ እጃቸውን ማየት ሥራዬ ሆነ። ማሰሪያ ሲፈቱ፣ ቁልፍ ሲያዞሩ፣ ስሜን ሲጠሩ፣ ከንፈራቸውን አያለሁ።

አርብ ሆነ። አርብ አርብ በስልክ ካርድ ለእትዬ ያምሮት እንደውላለን። አሁንም ጎንደር፣ እኛ በተውናት ቤት፣ «በቅርብ» የተባለችውን እየጠበቀች ናት። ምሳ አቅርቤ ቀድሜ ስልኩን እኔ ያዝኩ።

«እትዬ፣ አባባ መድኃኒት እምቢ ብለዋል።»

«ምን አድርጎኝ ነው ይላል?»

«አላስቀመጠኝም ነው የሚሉት።»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች።

እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረችኝ ሰው እሷ ነበረች። «እትዬ» አልኳት፣ «ካልዋጡት አፋቸው ይያዛል። አርብ ሲመጣ የሚያነጋግርሽ አይኖርም።»

«ስጪው» አለች።

ድምፅዋ ከፍ ያለ ስለሆነ ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ ባደርገውም ይሰማኛል።

«ደሴ» አለችው ወንድሟን።

«አቤት እትዬ።»

«ምግብ ፊትህ ነው?»

«ፊቴ ነው።»

«መድኃኒቱን ያዘው። ጉርሻ አድርግና ዋጠው።»

«እትዬ፣ የሞተ መድኃኒት ነው እኮ።»

«አፈር ስሆን።»

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪም፣ አስተርጓሚ፣ ልጅ፣ ሁሉም ይታለፋል፤ ታላቅ እህት «አፈር ስሆን» ካለች ግን እምቢ የሚል ወንድም ገድሏታል ማለት ነው።

«ይሄማ ግፍ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አፈር ስሆን አልኩህ። ቅበረኝ።»

ክኒኗን በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። አኘኩ፣ ዋጡ፣ ውኃ ጠጡ። አፋቸውን እንኳ ከፍተው አሳዩኝ።

«ነገም ደውሉልኝ» አለች እትዬ ያምሮት። «ማታም። እኔ አስውጥሃለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እንደው ደሴ፣ የእኔን ነገር ጠየቅህልኝ? እዚህ ደጅ አብረውኝ የነበሩት ሁሉ ሄደው እኮ አለቁ። መቼ ነው የምታስመጡኝ?»

አባባ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና እኔን አዩኝ። በዚያው ሳምንት ስለ እሷ ልጠይቅ ቢሮ ሄጄ ነበር። «በቅርብ» ብለውኛል።

«ምን አለ?» አለች እትዬ። «አልሰማሁትም።»

ስልኩን ወሰድኩ። «አባባ ገና እያኘኩ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

አባባ ባዶ አፋቸውን ማኘክ ጀመሩ።

«አትቸኩሉበት» አለች። «እጠብቃለሁ።»