ምራቅዎን እንዳይውጡ

አክስቴ አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ለሕክምና ከገጠር፣ ከጫኖ ስትመጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ኃጢአት ነው አትበሉኝ። ሚሊኒየሙ ሳይገባ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የእናቴም አንገት ላይ እንቁላል የሚያህል ነገር ወጥቶ ነበር። ሐኪም "በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይመርመር" ብሎ ጻፈላት። የአባቴ እህት፣ ይህችው አክስቴ፣ ወረቀቱን ተቀብላ ጡቷ ስር ሸጎጠችው። "እብጠት በመርፌ ከተነካ ይቆጣል! ደግሞ እንቅርት ማንን ገድሎ ያውቃል?" አለች። በቤታችን እሷ ከተናገረች አለቀ፤ አባቴም እሺ አላት። እብጠቱ መጀመሪያ የእናቴን ድምፅ ወሰደ፣ ቀጥሎ ትንፋሿን። በዓመቱ ቀበርናት።

እና ያቺው ሴት ከተማችን ውስጥ ሲቀላ ከሚባለው ሰፈር መናኸሪያ ከሚኒባስ ወርዳ "ልጄ፣ እኔ አማርኛ አልችል፤ መርፌው ክፍል አብረሽኝ ግቢ" ትለኛለች። መርፌው! ምንም ሳይመስላት!

ሆስፒታል ወስጄ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ ትከሻዋ ስር ትራስ አድርጎ አንገቷን ወደ ኋላ አዘነበለው። "መርፌው ውስጥ እያለ እንዳይናገሩ፣ ምራቃቸውንም እንዳይውጡ ንገሪያቸው" አለኝ። ነገርኳት። መርፌው እንደገባ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ በጋሞኛ ቀጠልኩ። "ይቆጣል ያልሽው ይሄ ነው? እናቴን የከለከልሻት ይቺን ታህል መርፌ ነበር። እስቲ አሁን መልሺልኝ!" ዕድሜ ልኬን አንድ ቃል አስጨርሳኝ የማታውቅ ሴት ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ አፏን ገጥማ ሰማችኝ። ኧረ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ወዲያው ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ፤ ዋጠች። ሐኪሙ መርፌውን ቶሎ ነቀለ።

"ምን አልሻቸው?"

"አይዞሽ አልኳት።"

በሳምንቱ "ናሙናው የተቀባበት መስታወት ላይ ያለው ደም ብቻ ነው፣ የሚመረመር ሕዋስ የለውም፤ ይደገም" ተባለ። ያኔ ፈራሁ። ካንሰር ከሆነ በእኔ ምላስ አንድ ሳምንት ባከነ። አዘነችላት እንዳትሉ፤ ሞታ እንድታመልጠኝ አልፈለግኩም። ምርመራው ሲደገም አፌን ዘግቼ እግሯ ሥር ቆምኩ። መርፌው እስኪወጣ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ውጤቱን ሐኪሙ ራሱ አነበበልን። "ካንሰር አይደለም።" ተረጎምኩላት። ደጅ ወጥታ መሬት ሳመች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ስር ልትሸጉጥ ስትል እጇ ቆመ።

"እናትሽ ያኔ ብትመረመር ትድን ነበር?"

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠብቄው ነበር!

"መርፌ አልነካትም እኮ፤ በምን ይታወቃል? እድሜ ይስጥሽና ስታስቢው ኑሪ" አልኳት።

 በባጃጅ እስከ መናኸሪያው ስንሄድ ምራቋን አሥሬ ትውጥ ነበር።