እስከ ስምንተኛው ስም

ሐሙስ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የመጡት። በምሠራበት የግል ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ተማሪዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ እያስገባሁ ነበር። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የደንብ ልብስ ለብሷል፣ ሌላው ሲቪል ነው። ሲቪሉ ስሜን ጠራና "ስልክሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ። በእጄ የያዝሁትን መጽሐፍ ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ። ቦታው ላይ አስገባሁትና ተከተልኋቸው። አንባቢዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። በዚያች ሰዓት ያፈርሁት ግን በመያዜ አልነበረም፤ ጫማዬ በጸጥታው ውስጥ ሲጮህ ስለሰማሁት ነው።

የወሰዱኝ በሰባታሚት በኩል፣ ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ግቢ ነው። ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በዚያ ሰሞን መደበኛው ማቆያ ስለሞላ የተያዘውን ሰው እዚያ ያስቀምጡ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ የበቆሎ ብናኝ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ይገባና አይወጣም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ብቻ ነው። ሴቶቹ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ነቀዝ በእጅጌያቸው ላይ ይሄዳል፣ ማንም አያራግፈውም።

የክፍሉን ሥርዓት የምታስከብረው ሴት ካቦ ትባላለች። ከደልጊ የመጣች ዓሣ ነጋዴ ናት፤ ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ያዟት። የምቀመጥበትን ጆንያ እያሳየችኝ ጠየቀችኝ።

"በምን ገባሽ?"

"በልብ ወለድ።"

"ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ እዚህ የተኛ ሰው የለም።"

"በልብ ወለድ። የፍቅር ነው። የሚያስቅ።"

ካቦዋ አጠገቧ ወደተቀመጡት መነኩሴ ዞረች። "እንግዲህ እማሆይ፣ በዓሣ እኔ፣ በጸሎት እርስዎ፣ በፍቅር ደግሞ ይቺ። ገበያው ሞላልን።"

እማሆይ አልሳቁም። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ልብ ወለዱን በስልክ ቻናል ላይ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ እየለጠፍሁ ነበር የማስነብበው። ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ የምትጠግን አንዲት ልጅ በታንኳ ወደ ደሴት ስትሄድ ማዕበል ይነሣል። ስትነቃ ጎርጎራ ዳርቻ ላይ ናት፤ ዘመኑ ግን የጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው። ከንጉሡ የነጋሪት መቺዎች አለቃ ጋር ትዋደዳለች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ነጋሪት ሥር ስለኖረ ጆሮው ደክሟል። ስለዚህ ፍቅሯን በሹክሹክታ ልትነግረው አትችልም። "ናፍቀኸኛል" ስትለው እስከ ግብር አዳራሹ ይሰማል፤ መኳንንቱ ቁርሳቸውን አቋርጠው ይተያያሉ። እኔ ሰው ፊት መናገር የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ። እሷን ማስጮህ ግን ደስ ይለኝ ነበር። አንባቢዎቼ አብዛኞቹ ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎች ናቸው፤ ስሜን አያውቁትም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ በወረቀት አትሞ ይዞታል፤ አንድ ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

ያሰመረበት የሽምግልናው ትዕይንት ነው። የነጋሪት አለቃው እናት ልጅቱን "ዘመድ ሆነሽ እንዳይገኝ ሰባት ቤት ቁጠሪ" ይሏታል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመድ እንደማይጋባ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ልጅቱ አባቶቿን ከራሷ አባት ጀምራ ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ሽማግሌዎቹ አንዱንም አያውቁትም፣ ገና አልተወለዱምና። ስምንተኛው ስም ላይ ስትደርስ ግን ሁሉም ዘወር ብለው የሙሽራውን ወንድም ያያሉ። ጠጅ ጠጥቶ እዚያው ጥግ ተኝቷል። የልጅቱ ስምንተኛ አያት እሱ ነው።

"እነዚህ ስሞች የማን ናቸው?" አለኝ መርማሪው።

"የገጸ ባሕርይዋ ናቸው።"

"እሱንማ አነበብሁት። የእውነት የማን ናቸው?"

ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቀይ መስመር አቀረቀርሁ።

"ስምንተኛው ሰው የነበረ ሰው ነው" አለ። "የንጉሥ ዘመድ ነው። ከእሱ ወዲህ ያሉትን ሰባቱን ሳይዘል በተርታ የሚያውቅ ሰው ከመጽሐፍ አላገኛቸውም፤ ከቤቱ ነው ያገኛቸው። አሁን አንድ ሰው ዘሩን ከነገሥታት እየቆጠረ ሕዝብ ሊያሰባስብ ነው የሚል ጥቆማ አለን። አንቺ ደግሞ ይህንኑ ዘር በየሳምንቱ ለሰው ታስነብቢያለሽ።"

"ለሳቅ ነው የጻፍሁት።"

"ሳቅሁ እኮ። ነጋሪቱ ላይ ሳቅሁ።" ወረቀቱን ገለበጠ። "ታገባዋለች?"

"ገና አልወሰንሁም።"

ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። "በእሷ በኩል ስምንት ነው። ሰባቱን አልፏል፤ ምን ችግር አለው?" አለ። ከዚያ ጣቶቹን አያቸውና እጁን ጠረጴዛው ሥር አስገባ። "የሰውየውን ስም ነገ ጧት ትጽፊልኛለሽ። ከጻፍሽልኝ እሑድን ከእናትሽ ጋር ትውያለሽ።"

ስሞቹ የአንድ መሪጌታ ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለ ደብር ያገለግላሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤተ መጻሕፍት እየመጡ ጋዜጣ ያነባሉ። አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ከሩቅ አገር የመጣ ስለሆነ እኔ ከአያቴ በላይ የማውቀው ስም የለም። ለምዕራፉ ስሞች እንዳጣሁ ስነግራቸው፣ "እንግዲያው የእኔን ውሰጂ" አሉኝ። "ልጅ የለኝም። ከእኔ በኋላ የሚጠራቸው አይኖርም፤ በአንቺ ተረት ውስጥ ይጠሩ።" አንድ በአንድ እየጠሩ አስጻፉኝ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው መጣ። "እሳቸው ጠጅ ይወዱ ነበር ይባላል። አትደብቂባቸው።"

ሲስቁ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። አስም አለባቸው፤ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒታቸውን ከጋቢያቸው ሥር እስኪያገኙት ድረስ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። የወንዶቹ ክፍል ከእኛ ቀጥሎ ነው፤ በቆርቆሮው ማዶ የጤነኞቹ ሳል እንኳ አያቋርጥም ነበር። እሳቸው በዚያ ብናኝ ውስጥ አንድ ቀን አይውሉም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ፀሐዩ ገና አልበረደም፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ካቦዋ "መቱሽ?" አለችኝ። አልመቱኝም አልሁ። "እንግዲያው ያንን ልብ ወለድ ንገሪን፣ ቀኑ ይምሽልን" አለች።

ጥቂት እንደነገርኋቸው፣ ጥግ ላይ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ የተኛች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተነሥታ ተቀመጠች።

"ቆይ፣ ቆይ። የነጋሪቱ ሰውዬ? አንቺ ነሽ የምትጽፊው?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ የሆነች ትልቅ ሴትዮ ትመስለኝ ነበር። ዶርም ውስጥ እኮ በሳቅ ጨርሰሽናል። ሽምግልናው ላይ አንጠልጥለሽ ተውሽን፤ ይኸው አንቺም ተንጠለጠልሽ።"

ከዚያ በኋላ ታሪኩን የምትናገረው እሷ ሆነች፤ ከእኔ ይልቅ ትችልበታለች። "ናፍቀኸኛል" የሚለውን ጮክ ብላ ስትናገረው ጠባቂው በሩን በዱላ መታው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ሳቁ።

"ሰውየው መልኩ እንዴት ነው?" አለች ካቦዋ።

"ረጅም ነው" አልሁ። "አይሰማም እንጂ ቁመናው ጥሩ ነው።"

"የማይሰማ ባልማ ምን ይወጣለታል። ሰባት ቤት ካለፈ ታግባው በቃ።"

"አይሆንም" አሉ እማሆይ። እስከዚያ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ስለነበር የሚሰሙን አልመሰለኝም። "ቤት የሚቆጠረው ከሁለቱም ወገን ነው። በእሷ ወገን ስምንት አለ፤ በእሱ ወገንስ? ሰውየው የአያቷ ወንድም ነው። አንድ።"

"እማሆይ፣ አያቷ እኮ አይደለም። የአያቷ አያት፣ የሱም አያት፣ ከዚያም..." አልኋቸው።

"ብትደረድሪው ያው አያት ነው።"

"ካልተጋቡ እኔ አላነብም" አለች ተማሪዋ።

"አንቺን ደግሞ ስልክ ማን ሰጠሽና ነው" አለች ካቦዋ።

ክርክሩ ስንቅ እስኪገባ ድረስ ቀጠለ። እናቴ የላከችው ድንች በሽሮ ነበር፤ ፍተሻ ላይ በማንኪያ ስለወጉት ተፈረካክሷል። አብረን ስንበላ መርማሪው የጠየቀኝን ነገርኋቸው። የመሪጌታውን ስም አልነገርኋቸውም፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ብቻ አልሁ።

"ሞተዋል በይ" አለች ካቦዋ። "ለሞተ ሰው መጥሪያ አይወጣም።"

"ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት በይው" አለች ተማሪዋ። "ወይ አላስታውስም በይ። ምን ያመጣል?"

እማሆይ እጃቸውን በጠርሙስ ውኃ እየታጠቡ፣ "እኔ ሐሰት አልመክርሽም" አሉ። "ስማቸውን ስጪም አልልሽም።"

"እንግዲያው ምን ልበል እማሆይ?"

"እሱን አላውቅልሽም ልጄ። እኔን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።"

ጆንያዬ ላይ ጋደም ብዬ ሦስቱንም ምክር አንድ በአንድ አሰብሁባቸው። ነገሮችን ማውጣትና ማውረድ ልማዴ ነው። ሞተዋል ብል፣ መቼ፣ የት ተቀበሩ ይለኛል፤ ኢንተርኔት ላይ ነው ብል፣ የቱ ገጽ ላይ ይለኛል፤ ውሸት ስናገር ደግሞ ፊቴ እስከ አንገቴ ይቀላል። አላስታውስም ማለት ከሁሉም የቀለለ ነበር። ያስፈራኝም ቀላልነቱ ነው። አላስታውስም ያለ ሰው አንድ ቀን ሊያስታውስ ይችላል። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ ወይም እኔ ሲመረኝ፣ "አሁን ትዝ አለኝ" ለማለት በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቀኛል። ራሴን አውቀዋለሁ። ያን በር ክፍት ትቼ መተኛት አልቻልሁም።

ያን እሑድ ከእናቴ ጋር አልዋልሁም፤ ቀጥለው የመጡትንም ብዙ እሑዶች እዚያው ዋልሁ። በመጨረሻ ያለ ክስ ለቀቁኝ። እማሆይ ከእኔ ቀድመው ወጥተዋል፤ ካቦዋን እዚያው ትቻት ወጣሁ፣ በኋላ ግን ደልጊ መግባቷን ሰምቻለሁ። ኮሌጁ ወደ ሥራዬ መልሶኛል። ታሪኩን የሰሙ ጓደኞቼ ደፋር ይሉኛል። እኔ ዛሬም ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለማልደፍር አንድ ፌርማታ አልፌ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። በዚያች ዓርብ የሆነው ነገር ከድፍረት ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ አላውቅም። አንድ ነገር በትክክል ተጽፎ እንዲቀመጥ መፈለግ ይመስለኛል። ልብ ወለዱን እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ ሠርጉ ላይ እስካሁን አልወሰንሁም፣ የእማሆይ ቆጠራ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። መሪጌታው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። የት ጠፍተሽ ነበር ሲሉኝ አሞኝ ነበር አልኋቸው፤ ያችን አንዲት ውሸት ፊቴ ሳይቀላ ተናገርኋት።

በዚያ ሐሙስ ማግሥት፣ ዓርብ ጧት ተጠራሁ። መርማሪው ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። "ጻፊ" አለኝ።

እስክሪብቶውን አላነሣሁትም። "ስሞቹ የማን እንደሆኑ አውቃለሁ" አልሁ። "አልነግርዎትም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ቤትሽ መሄድ አትፈልጊም?"

"እፈልጋለሁ።"

"ታዲያስ?"

"አልነግርዎትም።" ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

መርማሪው ወረቀቱን ወደራሱ ስቦ ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ ሲጨርስ አዙሮ ሰጠኝና "ፈርሚ" አለ። አነበብሁት። "ስሞቹ የማን እንደሆኑ አላውቅም ብላለች" ይላል። ሊረዳኝ ፈልጎ ይሁን፣ ኋላ ሊይዘኝ፣ ወይም ሰልችቶት ይሁን፣ ፊቱን ባየውም አልገባኝም። ፊርማዬን እየጠበቀ ሰዓቱን አየ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልሁት፣ "እንዲህ አላልሁም። አውቃለሁ ነው ያልሁት። አውቃለሁ፣ አልናገርም።"

"ይህኛው ይሻልሻል።"

"ገብቶኛል። ቢሆንም ያስተካክሉልኝ።"

በረጅሙ ተነፈሰ። መስመሩን ሰርዞ፣ እኔ እንዳልሁት አድርጎ ከላዩ ላይ ጻፈው። እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁትና ፈረምሁ።