ክዳኑ የተቀየረ ምሳ ዕቃ

«ለአጭር ጥያቄ ነው፣ እማማ» ብለው ከቤቴ ወሰዱኝ። ጥፋቴ በወረዳው ስብሰባ ላይ ስለ ቤት ፈረሳ መናገሬ ነበር። ወደ መካኒሳ መስመር ካለ አንድ ግቢ አስገቡኝ። ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል፤ መስኮት የሚሉት ከጣሪያው ሥር የተበሳ ቀዳዳ ነው። በዕድሜ ትልቋ እኔ ስለሆንኩ ሴቶቹ የክፍሉ ተጠሪ አደረጉኝ።

ከሁላችንም በፊት የታሰረች አንዲት ሴት ነበረች። ከየቤተሰቡ የሚመጣውን ምግብ በር ድረስ ወጥታ የምትቀበለው፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ አጥባ የምትመልሰው እሷ ናት። ታጥቦ የተመለሰ ምሳ ዕቃ ለውጪው ሰው «ደህና ነን» ማለት ነበር። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም ይላሉ። ባሏ ሲሞት ግን ነገር ሁሉ ተበላሸ። መርዶውን እዚያው በር ላይ ነገሯት፤ ለቀብር አልፈቀዱላትም። እኛም ሥራው ያስረሳታል ብለን ዝም አልን።

የአንዷን ክዳን ለሌላዋ ትሰጣለች። ምሳ ዕቃው ሳይታጠብ ይወጣና አንዲት እናት በር ላይ «ልጄ ምን ሆነች?» እያሉ ይጮኻሉ። ደጋግሜ መከርኳት። «እሺ፣ እማማ» ትላለች፤ በማግስቱ ያው ነው። አንድ ቀን፣ መርፌዋን ተወግታ ምሳ የምትጠብቀውን የስኳር በሽተኛ ምግብ በር ላይ ረስታው ገባች። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ፍራሽ ላይ ወደቀች። ከአንዷ ጓዝ ውስጥ ከረሜላ ተገኝቶ ነው የተረፈችው።

«በቃ ትውረድ!» አለች አንዷ። «ሰው እስክትገድል ነው እንዴ የምንጠብቀው?»

እኔም መሮኝ ነበር። ምግብ ተቀባይዋን ጠርቼ «ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይውጣ» አልኳት።

«ይሁን፣ እማማ» አለች። «ምሳዬን የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። አልቀበርኩትም። በር ላይ ስቆም የእሱን ድምፅ እጠብቃለሁ፤ የሚጠሩትን ስም አልሰማውም።»

ፍራሾቹን ወደ ግድግዳው አስጠግተን እሷን መሃል አስቀመጥናት። ነጠላ ያለን አዘቀዘቅን፤ የሌላት ፎጣ ጣል አደረገች። ጠባቂዋ በሩን ከፈተች።

«ይሄ ምንድነው? ስብሰባ ነው?»

«ለቅሶ ነው» አልኩ።

«እዚህ ማልቀስ ክልክል ነው!»

«አናለቅስም። ተቀምጠን ነው።»

አንድ በአንድ አየችን። «ነፍስ ይማር» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ምግቡን ሌላ ሴት ተቀበለች። ከዚያ ወደ በሩ መልሼ ላክኋት። ያጉረመረሙ ነበሩ። የስኳር በሽተኛዋን ምሳ ግን ራሴ መቀበል ጀመርኩ፤ እሱን አትረሳብኝም ብዬ መማል አልችልም ነበር። ክዳን መቀያየሩን እሷ አልተወችም፤ እኔም መነጫነጬን።

ዛሬ ሁለታችንም ተፈትተን፣ ጀሞ ቤቴ ድረስ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ባለፈው ምግብ የላክሁበትን ምሳ ዕቃ መለሰችልኝ። ክዳኑ የእኔ አይደለም። ልናገር ብዬ ተውኩት። ታጥቦ ነው የመጣው።